ረዘመ የተባለው ፊልም ምኑ ነው የረዘመው?

አክስቴ ፊልም ዝም ብላ አታይም። ከሰዎቹ ጋር ታወራለች። የወደደቻትን ትመክራለች፣ የጠላችውን ትራገማለች። አንድ ቅዳሜ ማታ ማርቲን ስኮርሴዚ የሠራውን «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» የሚባለውን ፊልም አብረን ማየት ጀመርን። ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። ቡናችንን አፍልተን፣ ፈንዲሻችንን ይዘን ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ ስኒዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ቤተሰቧን እያስጨረሰ ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«እሷ ታዲያ አታውቅም?»

«ገና ነው።»

«እና እኔ እሷ እስክታውቅ ድረስ የሱን ፊት ሳይ ላምሽ?»

ይቺ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ፊልሙ በኦክቶበር 2023 ሲኒማ ቤት ከገባ ጀምሮ ሰው ስለሱ የሚለውን ስከታተል ቆይቻለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «ረዘመ» ያለው ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ነው አለ። ታሪኩ የራሳቸው ከሆነው ከኦሴጅ ሰዎች ምስጋናም ቅሬታም መጣ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰው አፍ። ፊልሙ አንድ ነው። ታዲያ ሰው እንዴት እንዲህ የተለያየ ነገር ይዞ ይወጣል?

እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። ሰው «ረዘመ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በሰዓቱ አይደለም። ያን ሁሉ ሰዓት ከማን ጋር እንደተቀመጠ ነው የከበደው።

ፊልሙን ላላያችሁ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነው የምናገረው። የሆነው ግን ከመቶ ዓመት በፊት ነው፣ በፍርድ ቤት መዝገብም የሰፈረ ነው።

ኦሴጆች የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ናቸው። በ1870ዎቹ ከካንሳስ ተገፍተው ሲወጡ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው አገር መሬት ገዙ። ድንጋያማና ለእርሻ የማይመች መሬት ነበር። ነጮች አይመኙትም ብለው ነው የመረጡት። ከመሬቱ ሥር ግን ነዳጅ ወጣ። በ1906 በወጣው ሕግ መሬቱ ለየሰዉ ሲከፋፈል ከመሬቱ በታች ያለው ሀብት የጋራቸው ሆኖ ቀረ። በመዝገብ የሰፈሩት 2,229 ሰዎች እያንዳንዳቸው ከነዳጁ ገቢ እኩል ድርሻ አገኙ። ይሄ ድርሻ «ሄድራይት» ይባላል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሄድራይት አይሸጥም ነበር። ይተላለፍ የነበረው በውርስ ብቻ ነው።

ይህን ስትሰሙ የሚመጣባችሁ ሐሳብ ለሌላም ሰው መጣ። ድርሻውን መግዛት ካልተቻለ መውረስ ይቻላል። ለመውረስ ደግሞ ማግባት፣ ከዚያም ሞት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ወይም ሞትን ማፋጠን።

በ1923 ብቻ ኦሴጆች ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኙ። ገንዘቡ የራሳቸው ሆኖ ብዙዎቹ ግን እንደልባቸው አያወጡትም። መንግሥት ሞግዚት ይሾምባቸው ነበር። አዎ፣ ለሕፃን እንደሚሾመው ሞግዚት። ጎልማሳ ሰው፣ ልጆች የወለደች እናት፣ የራሷን ብር ለማውጣት የነጭ ሰው ፈቃድ ትጠይቃለች። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የታሪኩ ዋና ሰው የሆነችው ኦሴጇ ሞሊ ከሞግዚቷ ፊት ቁጭ ብላ ስሟንና «ብቃት የሌላት» መሆኗን በራሷ አፍ ስትናገር ያሳያል። አክስቴ እዚያ ላይ «ወይ ጉድ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

የሞሊ ቤተሰብ አንድ በአንድ አለቀ። እህቷ ሚኒ በ1918 ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ ሞተች። ሌላዋ እህቷ አና በሜይ 1921 በጥይት ተገድላ ሸለቆ ውስጥ ተገኘች። በዚያው ዓመት እናቷ ሞቱ። በማርች 1923 የሦስተኛዋ እህቷ የሪታ ቤት በፈንጂ ተነሥቶ እሷ፣ ባሏና የቤት ሠራተኛዋ አለቁ። አብዛኛው ሀብታቸው ወደ ሞሊ ተጠራቀመ። ከሞሊ ቀጥሎ ወራሹ ባሏ ኧርነስት በርካርት ነው። ከኧርነስት በስተጀርባ ደግሞ አጎቱ ዊልያም ሄል አለ። ራሱን የኦሴጆች ወዳጅ ያደረገ፣ ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ለቀብራቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው።

(የፊልሙ ስም «የአበባ ጨረቃ ገዳዮች» እንደማለት ነው። በኤፕሪል በኦሴጆች ሜዳ ላይ ትንንሽ አበቦች ይፈካሉ። በሜይ ረጃጅም ተክሎች ይመጡና ብርሃኑንና ውኃውን ይሻሟቸዋል፣ ትንንሾቹ ይረግፋሉ። ኦሴጆች ያን ወር የሚጠሩት አበባ በምትገድል ጨረቃ ነው። አናም የሞተችው በዚያው ወር ነው።)

እንግዲህ ወደ ተመልካቹ።

በመጀመሪያ ነገሩ የሰዓት ብቻ አለመሆኑን በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። በዚያው ዓመት «ኦፐንሃይመር» ወጥቷል። እሱም ሦስት ሰዓት ነው፣ እሱም ታሪካዊ ነው። ብዙው ክፍሉ ሰዎች ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ነው። በዓለም ዙሪያ ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የስኮርሴዚ ፊልም ቢያንስ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 158 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነታቸው ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። በሃያ ስድስት ደቂቃ ምክንያት ይህን ያህል ሕዝብ አይቀርም። ፊልሞቹ በሌላም በብዙ ነገር ይለያያሉ፣ ግን ሰዓቱ ብቻውን ሰው እንደማያባርር ይሄ ይበቃል።

ቀደም ያለም ምሳሌ አለ። በ1980 «ሄቨንስ ጌት» የሚባል ፊልም ኒውዮርክ ላይ ተመረቀ። በ1892 ዋዮሚንግ ውስጥ በከብት ባለሀብቶችና በሰፋሪዎች መካከል ስለተደረገው ግጭት ነው። 219 ደቂቃ ነበር። ተቺዎች ክፉኛ ስለነቀፉት በሳምንቱ ከሲኒማ ቤት አነሡት። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆርጠው በ1981 በ149 ደቂቃ መለሱት። አሁንም ሰው አልመጣም። ችግሩ ርዝመቱ ቢሆን ኖሮ መቀስ ይፈታው ነበር። ረጅሙ ፊልም ታድሶ በ2012 ቬኒስ ላይ ሲታይ ግን በክብር ተቀበሉት።

ሌላው የሚያደናግረው የተመልካች ስሜት የሚለካበት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፊልም በሚከፈትበት ምሽት ሲኒማ ቤት በር ላይ ለተመልካቹ ካርድ ይሰጣል። ተመልካቹ እንደ ትምህርት ቤት ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሞላል። የስኮርሴዚ ፊልም ኤ ማይነስ አገኘ። ጥሩ ውጤት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ «ረዘመ» ከየት መጣ? በመክፈቻው ምሽት የሚመጣው ሰው ቀኑን ሲጠብቅ የከረመ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቆ፣ እራቱን በልቶ የመጣ ነው። ወዶ ገባ ነው። ጓደኛው ጎትቶት በሁለተኛው ሳምንት የሚገባው ወይም ሶፋው ላይ ተኝቶ የሚያየው ሰው እዚያ ካርድ ላይ የለም። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ካርዱ «ወደድነው» ይላል፣ ጎረቤታችሁ «አልቻልኩትም» ይላል። የተጠየቁት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ደግሞ የዕረፍቱ ጠብ አለ። ይሄ ጠብ ሆዴን ይበላዋል፣ ሁለቱም ወገን ልክ ስለሆነ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን መሃል ላይ አቁመው ጥቂት ደቂቃ ዕረፍት መስጠት ጀመሩ። አከፋፋዮቹ ወዲያው ተዉ አሏቸው። የፊልሙ ኤዲተር ቴልማ ስኩንሜከርም ደንብ መጣስ ነው ብላ ተናገረች። እውነቷን ነው። ዕረፍት ያልታሰበበት ፊልም የትም ቦታ ላይ ቢቆረጥ ይቆስላል። ግን የስኳር ሕመምተኛው፣ እርጉዟ፣ የሰባ ዓመት ሰው ምን ያድርጉ? ድሮ ለዚህ መልስ ነበረው። በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ግን ዕረፍቱ ከመነሻው የፊልሙ አካል ነበር። «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ም እንዲሁ። ሕንድ ውስጥ እስከ ዛሬ አብዛኛው ፊልም ከነዕረፍቱ ነው የሚታየው። አሜሪካ ውስጥ ዕረፍቱ የጠፋው ተመልካቹ ስለጠላው አይደለም። ሲኒማ ቤቱ በቀን ብዙ ጊዜ ማሳየት ስለሚፈልግ ነው። በ2024 የወጣው «ዘ ብሩታሊስት» አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ከነሰዓት ቆጣሪው ፊልሙ ውስጥ ይዞ መጣ። ሰው ደስ ብሎት ወጣ ገባ አለ፣ ፊልሙም አልቆሰለም። ተመልካቹን ማሰብና ለሥራው መታመን አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ፊልሙ የተሠራው ዴቪድ ግራን በ2017 ካወጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ረዘመ አይልም፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ይጨርሰዋል። ለምን? ግራን ገዳዩን ይደብቃል። ሞሊ የማታውቀውን እኛም አናውቅም። ሁሉንም እየጠረጠርን ነው የምንሄደው። ከዋሽንግተን የተላከው መርማሪ ቶም ዋይት ሲመጣ ከኋላው ተከትለን እንገባለን። የሞሊ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ስንደርስበት እንደነግጣለን።

የፊልሙ የመጀመሪያ ስክሪፕትም እንዲሁ ነበር። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሚጫወተው መርማሪውን ነበር። ስኮርሴዚ ግን ወደ ኦክላሆማ ሄዶ ከኦሴጆች ጋር ተቀመጠ፣ አዳመጠ። መርማሪውን ጀግና ካደረግን ሌላ የነጭ አዳኝ ታሪክ ነው የምንሠራው የሚል ሐሳብ መጣ። ስክሪፕቱ እንደገና ተጻፈ። ዲካፕሪዮ ወደ ኧርነስት ዞረ። መርማሪው የሚመጣው ፊልሙ ከግማሽ ካለፈ በኋላ ሆነ። ሄልን የሚጫወተው ሮበርት ዴኒሮ ደግሞ ገና ከጅምሩ ዓላማውን ያሳየናል። የሚደበቅ ነገር የለም።

ይሄ ውሳኔ ነው ለእኔ የሁሉም ነገር ቁልፍ። «ማን ገደላቸው?» የሚለው ጥያቄ ተመልካቹን ወደፊት የሚጎትት ገመድ ነው። ያንን ገመድ ስትበጥሰው ተመልካቹ ወደፊት መሮጡን ያቆማል። ከገዳዩ ጋር እራት ይበላል፣ ከገዳዩ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ገዳዩ ሚስቱን መርፌ ሲወጋት ያያል። ሰዓቱን የሚያየው ያኔ ነው። አክስቴ «የሱን ፊት ሳይ ላምሽ?» ያለችው ይህንን ነው።

የእሷን ነገር ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። አክስቴ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ሁለት ጊዜ አይታዋለች። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ያገኘው ፊልም ነው። 140 ደቂቃ ነው፣ ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፣ ለማንም ቀላል አይደለም። ስለርዝመቱ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ እናቱ ቤት ሲገባ እሷም አብራው ገባች። ያን ዘመን ኖራበታለች። ካሜራው የተቀመጠው ከእሷ ጎን ነው።

ታዲያ በዚህኛው ፊልም ካሜራው የተቀመጠው ከማን ጎን ነው? ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ በግልጽ ያነሡት ኦሴጆች ናቸው። ለፊልሙ የቋንቋ አማካሪ የነበረው ክሪስቶፈር ኮቴ ሎስ አንጀለስ ላይ በምረቃው ዕለት ሲጠየቅ ስሜቱ የተደበላለቀ እንደሆነ ተናገረ። ስኮርሴዚ ሕዝባችንን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል አለ። ግን ታሪኩ በሞሊ ዓይን ቢሆን እመኝ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ ኦሴጅ የሆነ ዳይሬክተር ያስፈልግ ነበር አለ። ፊልሙ ለኧርነስት ሕሊና እንደሰጠው፣ ፍቅር እንዳለም እንዳሳየ አነሣ። ቤተሰብሽን ሊጨርስ የሚያሤር ሰው ፍቅር የለውም ነው ነገሩ። ከሌላ ቀደምት ሕዝብ የመጣችው ተዋናይት ዴቨሪ ጄከብስ ደግሞ ማየቱ ራሱ እንደ ሲኦል እሳት እንደነበረባት ጻፈች። ቀደምቶቹ እየተገደሉ ይታያሉ እንጂ እንደ ሰው በጥልቀት አልተጻፉም ነው ያለችው። በሌላ በኩል የኦሴጅ አለቃ ጄፍሪ ስታንዲንግ ቤር በሜይ 2023 ካን ላይ ቆመው ስኮርሴዚና ባልደረቦቹ መተማመንን መልሰውልናል ብለው መሰከሩ።

አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት አይመስለኝም። አለቃው የመዘኑት የሥራውን ሂደት ነው። ፊልሙ እዚያው ኦክላሆማ ተቀረጸ፣ ኦሴጆች ተወኑበት፣ ልብሱን ሰፉለት፣ ቋንቋቸውን አስተማሩ። ሞሊን የተጫወተችው ሊሊ ግላድስተን፣ ዲካፕሪዮና ዴኒሮ ኦሴጅኛ ተምረው ተናገሩ። ኮቴ የመዘነው ውጤቱን ነው። በአንድ ሚዛን ሁለት ነገር ሲመዘን ነው ሰው የማይግባባው።

እኔስ? ከኮቴ ጋር ነኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ነው፣ እና የሞሊን ልብ ከውጭ ነው የምናየው። ግን ፊልሙ ያጥር ከሚሉት ጋር አይደለሁም። ሁለት ቦታ ላሳያችሁ።

አንደኛው ገና ሲተዋወቁ ነው። ሞሊ ኧርነስትን ቤቷ እራት ጋብዛዋለች። ዝናብና ነጎድጓድ ይመጣል። እሱ ሊነሣና መስኮቱን ሊዘጋ ይላል። ተው ትለዋለች። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ዝም ብለን እንቀመጥ ትለዋለች። እሱ አይችልም። ለሰብሉ ጥሩ ነው ምናምን ይላል። እሷ አሁንም ዝም በል ትለዋለች። ብርድ ልብሷን ተከናንባ ዝናቡን ታዳምጣለች። ካሜራውም አይቸኩልም። አክስቴ እዚህ ጋ ሳቀችና «አስተማረችው!» አለች። ይህን ትዕይንት ወደ ዐሥር ሰከንድ ብትቆርጡት የዝናብ መረጃ ብቻ ነው የሚቀረው። ሞሊ ማን እንደሆነች የሚነግረን ዝምታው ነው።

ሁለተኛው መጨረሻ አካባቢ ነው። ኧርነስት ፍርድ ቤት ቆሞ አጎቱ ላይ መስክሯል። ባልና ሚስት ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሁሉንም እውነት ተናግረሃል ወይ ትለዋለች። አዎ ይላል። ምን ነበር የሰጠኸኝ ትለዋለች። ስትወጋ የከረመችውን መርፌ ማለቷ ነው። አፉ ይንቀጠቀጣል። ኢንሱሊን ይላል። በዚያች በአንዲት ቃል ይዋሻል። እሷ ትንሽ ታየዋለች፣ ትነሣለች፣ ትወጣለች። አትጮኽም። አክስቴ ግን ጮኸች፣ «ተነሺ! ውጪ!» እያለች እሷም ከሶፋው ተነሣች። ያቺ አንዲት ቃል እንዲህ የምትከብደው ሦስቱን ሰዓት ከሱ ጋር ስለተቀመጥን ነው። በየመርፌው አጠገብ ነበርን። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ተራ ውሸት ትሆን ነበር።

ፊልሙ የሚያበቃው በሬዲዮ ትርዒት ነው። በዚያ ዘመን ግድያው ሳይቀር የማስታወቂያ ማሞቂያ ሆኖ በሬዲዮ ይቀርብ ነበር። ስኮርሴዚ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የሞሊን የሞት ዜና ያነባል። በ1937 ነው የሞተችው። ዜናው ላይ ስለ ግድያዎቹ አንድም ቃል እንዳልነበረ ይነግረናል። እኔ እንደማየው ይሄ ኑዛዜ ነው። እኔም ከነዚህ ታሪኩን ከሚያቀርቡት አንዱ ነኝ እያለ ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ላይ ይወጣል፣ ኦሴጆች ከበሮውን ከበው ሲጨፍሩ ከሰማይ እናያለን። ንግግር የለም። በማርች 2024 የኦስካር መድረክ ላይ ያዜሙት ይህንኑ ዜማቸውን ነው። ፊልሙ ዐሥር ጊዜ ታጭቶ አንድም ሽልማት ሳያገኝ የወጣበት ምሽት ነበር።

ሲያልቅ አክስቴ ቶሎ አልተነሣችም። «ይወዳት ነበር እንዴ ግን?» ብላ ጠየቀችኝ።

የሰማሁትን ነገርኳት። ስኮርሴዚ ኦሴጆች ጋ በሄደ ጊዜ የሞሊና የኧርነስት የልጅ ልጅ ተነሥታ ይዋደዱ እንደነበር አትርሱ ብላዋለች። ይህቺው የልጅ ልጅ ግን ለግራን ሌላ ነገር ነግራዋለች። የሪታ ቤት በፈነዳበት ሌሊት ሞሊና ልጆቿ እዚያ ሊያድሩ ነበር። ወንዱ ልጅ ጆሮውን ስላመመው ቀሩ። የዚህችው የልጅ ልጅ አባት ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የገዛ አባቱ ሊገድለው እንደነበር እያወቀ ኖረ።

አክስቴ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። «ጆሮውን አሞት» አለች ለራሷ።